ኮምፓይል አልሆን ያለ ባለ ትሬድ የሲ ፕሮግራም ኢንተርኔት በሌለበት እንዴት ይስተካከላል?

ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ የሚመለስ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ያላለቀ የቤት ሥራ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። የኦፕሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ከሆነ ደግሞ የቤት ሥራው ሁለትና ከዚያ በላይ ትሬድ ያለው የሲ ፕሮግራም ነው። ዩኒቨርሲቲው ላብ ውስጥ ያለ እንከን ይሠራ የነበረው ፋይል ቤት ባለው ላፕቶፕ ወይም በከተማው ባለ አሮጌ ዴስክቶፕ ሲሞከር ግማሽ ስክሪን የሚሞላ ኤረር ያወጣል። ሌላ ቦታ ቢሆን መልእክቱን ቀድቶ ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ይበቃ ነበር። በአማራ ክልል ግን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንደነበር ለቢቸናና ለሞጣ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ክፍት በሆነበት ጊዜም ቢሆን መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይሄዳል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ከኮምፒውተሩ ውጪ ምንም እርዳታ ለሌለው ሰው ነው። እንደ እኔ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ነገር አብዛኛው እዚያው ማሽኑ ውስጥ አለ።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ላስቀድም። ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ስትተይቧቸው በላቲን ፊደል ነው። አቢይ ፊደል በሚያስፈልግበት ቦታ እነግራችኋለሁ፤ ካልነገርኳችሁ ትንንሹን ተጠቀሙ። ሰረዙ፣ ነጥቡና የግርጌ መስመሩ እንዳሉ ይገባሉ። ፒትሬድ ሲባል ፒ የምትለዋ ፊደልና ትሬድ የሚለው ቃል ያለ ክፍተት ተያይዘው ነው።

ምሳሌያችን ትንሽ ናት። አንዱ ትሬድ የቢቸናን ገበያ፣ ሌላው የሞጣን ገበያ የጤፍ ኩንታል ይደምራል። ሁለቱም ያገኙትን በአንድ የጋራ ቫሪያብል ላይ ይጨምራሉ፤ እንዳይጋጩም ሙቴክስ አለ። ፋይሎቹ ሦስት ናቸው፦ ሜይን ያለበት ጤፍ.ሲ፣ የትሬዱ ፋንክሽን ያለበት ገበያ.ሲ፣ እና ሄደሩ ገበያ.ኤች።

አንደኛ፦ የሚናገረው ማን እንደሆነ ለዩ

ጂሲሲ የሚለውን ትዕዛዝ ስንጽፍ አንድ ፕሮግራም የጠራን ይመስለናል። ከጀርባው ግን አራት ሠራተኞች በተራ ይሠራሉ፦ ፕሪፕሮሰሰር፣ ኮምፓይለር፣ አሰምብለር፣ በመጨረሻም ሊንከር። ብዙ ተማሪ ጊዜውን የሚያባክነው የሊንከርን ቅሬታ ኮዱን በመቀያየር ለመመለስ ሲሞክር ነው። ብዙ ጊዜ ኮዱ ላይ አንዳች ጥፋት የለም፤ ጥፋቱ የትዕዛዙ መስመር ላይ ነው።

መለየቱ ቀላል ነው። ኮምፓይለር ሲናገር የፋይሉን ስም፣ የመስመሩን ቁጥርና በመስመሩ ውስጥ ስንተኛው ፊደል ላይ እንደቆመ ይጠቅሳል፤ ከዚያም "ኤረር" ይላል። ሊንከር ሲናገር "ኤልዲ" የሚለውን ስም ታያላችሁ፤ "አንዲፋይንድ ሪፈረንስ ቱ" ይልና የአንድ ፋንክሽን ስም ይጠራል፤ መዝጊያው ሁልጊዜ "ኮሌክት2፦ ኤረር፦ ኤልዲ ሪተርንድ 1 ኤግዚት ስታተስ" ነው። ያቺ የመጨረሻ መስመር ሊንከሩ አልተሳካለትም ከማለት ውጪ ምንም አትነግራችሁም። እሷን ይዞ መፍትሔ መፈለግ ከንቱ ነው፤ ከበላይዋ ያለውን አንብቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኮምፓይለሩ የሚያየው ደረሰኙን ነው፣ ሊንከሩ ግን ጎተራውን ይከፍታል። ሄደር ፋይል ደረሰኝ ነው፤ "እንዲህ ያለ ፋንክሽን አለ፣ ይህን ይቀበላል፣ ያንን ይመልሳል" ይላል። ፋንክሽኑ ራሱ ያለው ላይብረሪ ውስጥ ነው። ደረሰኝ ስላለ ብቻ እህል አለ ማለት አይደለም።

ሥራውን ለሁለት ከከፈላችሁት ግራ መጋባት አይኖርም፦

ጂሲሲ -ዎል -ጂ -ፒትሬድ -ሲ ጤፍ.ሲ
ጂሲሲ -ዎል -ጂ -ፒትሬድ -ሲ ገበያ.ሲ
ጂሲሲ -ፒትሬድ ጤፍ.ኦ ገበያ.ኦ -ኦ ጤፍ

በዎል ውስጥ ያለችው ደብሊው አቢይ ናት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ኮምፓይል ብቻ አድርገው ጤፍ.ኦና ገበያ.ኦ የተባሉትን ኦብጀክት ፋይሎች ያወጣሉ፤ ሦስተኛው ያገናኛቸዋል። ኤረሩ የመጣው ከየትኛው መስመር በኋላ እንደሆነ ካወቃችሁ የሥራው ግማሽ አለቀ።

ሁለተኛ፦ የኮምፓይለሩ ቅሬታ ከሆነ

ኤረሩ ሠላሳም ይሁን አንድ፣ የመጀመሪያውን ብቻ አስተካክላችሁ እንደገና ኮምፓይል አድርጉ። አንዲት የተረሳች ሴሚኮለን ከበታቿ ያለውን ሁሉ ታዛባለች። ራሳችሁን ማመን ካቃታችሁ -ኤፍማክስ-ኤረርስ=1 የሚለውን ጨምሩበት፤ ጂሲሲ ከአንዱ በኋላ ዝም ይላል።

ትሬድ ባለው ፕሮግራም ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት ፒትሬድ.ኤች የተባለውን ሄደር መርሳት ነው። አታላይ የሚያደርገው ደግሞ ኤስቲዲሊብ.ኤች ካለ ፒትሬድ_ቲ የሚለውን ዓይነት በጓሮ በር ይዞት መግባቱ ነው። ስለዚህ ኮምፓይለሩ ዓይነቱን ያውቀዋል፣ ፋንክሽኑን ግን አያውቀውም፤ "ኢምፕሊሲት ዴክላሬሽን" ይላል። በድሮው ጂሲሲ ይህ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው ጂሲሲ 14 ጀምሮ ግን ኤረር ሆኗል፤ ስለዚህ በአሮጌው ያለፈ ኮድ በአዲሱ ቢወድቅ አትደነቁ።

ሁለተኛው የተለመደ ችግር የትሬዱ ፋንክሽን ቅርጽ ነው። ፒትሬድ_ክሪኤት ሦስተኛ አድርጎ የሚጠብቀው ቮይድ ፖይንተር የሚቀበልና ቮይድ ፖይንተር የሚመልስ ፋንክሽን ነው። ብዙ ሰው ምንም የማይመልስ ወይም ኢንቲጀር የሚቀበል ፋንክሽን ይሰጠዋል። ያን ጊዜ "ፓሲንግ አርጊውመንት 3 ... ፍሮም ኢንኮምፓቲብል ፖይንተር ታይፕ" ይላል። ይህም እስከ ጂሲሲ 13 ማስጠንቀቂያ ነበር፤ በ14 ኤረር ነው። ከፊቱ ካስት ጨምሮ ማፈን ይቻላል፤ እኔ አልመክርም። ፋንክሽኑን ራሱን አስተካክሉ፦ ቮይድ ፖይንተር ይቀበል፣ ውስጡ ገብቶ ወደሚፈልገው ዓይነት ይቀይር፣ ሲጨርስ ነል (በሙሉ በአቢይ ፊደል) ይመልስ። ስሙን ስትሰጡም ያለ ቅንፍ ስጡት። ቅንፍ ከጨመራችሁ ትሬድ ሳይፈጠር ፋንክሽኑን እዚያው ጠራችሁት ማለት ነው፤ የማይመልስ ከሆነ ኮምፓይለሩ "ኢንቫሊድ ዩዝ ኦፍ ቮይድ ኤክስፕሬሽን" ይላችኋል፤ ፖይንተር የሚመልስ ከሆነ ግን ያለ አንዳች ቃል ያሳልፈዋል።

ፒትሬድ_ጆይን ሁለት አርጊውመንት ይፈልጋል። የሚመለሰውን ዋጋ ባትፈልጉትም ሁለተኛው ቦታ ላይ ነል ጻፉ፤ "ቱ ፊው አርጊውመንትስ" የሚለው ከዚያ ነው።

በእኛ አገር የሚያጋጥም አንድ ዓይነት ኤረር አለ፤ የውጭ መጽሐፍ ውስጥ አታገኙትም። የአማርኛ ኪቦርድ ሳይቀየር ቀርቶ በሴሚኮለን ፋንታ ድርብ ሰረዝ፣ ይህቺ "፤"፣ ትገባለች። በስክሪኑ ትንሽ ጽሑፍ ላይ ዓይን ያታልላል። እስከ ጂሲሲ 9 ያለው ኮምፓይለር "ስትሬይ" ይልና 341፣ 215፣ 244 የሚሉ ቁጥሮችን ይደረድራል። እነዚህ ቁጥሮች ድርብ ሰረዝ በዩቲኤፍ-8 የተጻፈችባቸው ሦስት ባይቶች ናቸው፣ በስምንትዮሽ አቆጣጠር። 341 ካያችሁ አትጨነቁ፤ የግዕዝ ፊደላት ባይታቸው በእሱ ይጀምራል፣ ስለዚህ መስመሩ ላይ የአማርኛ ምልክት ፈልጉ። ከጂሲሲ 10 ወዲህ ግን የባሰ ነው፤ ሆሄውን፣ ብዙ ጊዜም ድርብ ሰረዟን፣ የስም አካል አድርጎ ይቀበላልና "ስትሬይ" ሳይሆን "አንዲክሌርድ" ሊላችሁ ይችላል፣ ስሙም ትክክል የጻፋችሁት ይመስላል። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለ አማርኛ ችግር የለበትም። ፕሪንትኤፍ ውስጥ ቢቸና ብላችሁ ብትጽፉ ተርሚናሉ ፎንት እስካለው ድረስ ያትመዋል።

342 ካያችሁ ደግሞ ኮዱ ከወርድ ወይም ከፒዲኤፍ ሃንድአውት የተቀዳ መሆን አለበት፤ ጠመዝማዛው የጥቅስ ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ከጓደኛ ጓደኛ በቴሌግራም ሲዞር ከርሞ ነው እናንተ ጋ የሚደርሰው። ሰረዙም እንዲሁ ይበላሻል፦ ወርድ አጭሩን ሰረዝ ወደ ረጅሙ ይለውጠዋል፤ ጂሲሲም -ፒትሬድ የሚለውን የፋይል ስም መስሎት "ኖ ሳች ፋይል ኦር ዳይሬክቶሪ" ይላል። መፍትሔው መስመሩን በእጅ እንደገና መተየብ ነው።

አንድ ልጨምር። መምህሩ -ኤስቲዲ=ሲ99 ወይም ሲ11 ተጠቀሙ ካለና ፒትሬድ_ባሪየር_ቲ "አንኖውን ታይፕ ኔም" ከተባለ፣ ሄደሩ አልጠፋም። ጥብቁ ስታንዳርድ የፖዚክስን ተጨማሪ ነገሮች ይደብቃቸዋል። ወይ ሲ99ን ወደ ጂኤንዩ99 ቀይሩ፣ ወይም ከሁሉም ኢንክሉድ በላይ _ፖዚክስ_ሲ_ሶርስ የሚለውን፣ ሁሉንም በአቢይ ፊደል፣ በ200809ኤል ዲፋይን አድርጉ። ከኢንክሉዶቹ በታች ከጻፋችሁት ዋጋ የለውም።

ሦስተኛ፦ የሊንከሩ ቅሬታ ከሆነ

እዚህ ጋ ቆም ብለን እንይ፤ ላብ ውስጥ ሠርቶ ቤት የሚወድቀው በአብዛኛው በዚህ ነው።

ኡቡንቱ 20.04 ያለው ማሽን ላይ የጤፉን ፕሮግራም ያለ -ፒትሬድ ብታገናኙት "አንዲፋይንድ ሪፈረንስ ቱ ፒትሬድ_ክሪኤት" ይላችኋል፤ ለፒትሬድ_ጆይንም እንዲሁ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያው ትዕዛዝ ያለ ቃል ያልፋል። ልዩነቱ ጂሊብሲ የተባለው ዋናው የሲ ላይብረሪ ነው። የትሬድ ፋንክሽኖቹ ድሮ በሌላ ፋይል፣ ሊብፒትሬድ ውስጥ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 የወጣው ጂሊብሲ 2.34 ወደ ዋናው ላይብረሪ ጠቅልሎ አስገባቸው። 20.04 ያለው 2.31 ነው፤ 22.04 ያለው 2.35። የእናንተን ለማወቅ ኤልዲዲ --ቨርዥን ብላችሁ የመጀመሪያውን መስመር አንብቡ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በአሮጌው ማሽን ላይ ሊንከሩ ስለ ሙቴክሱ አንዳች አይልም። ፒትሬድ_ሙቴክስ_ሎክን የሚመስል ባዶ ተተኪ ዋናው ላይብረሪ ውስጥ ስለነበረ ነው። ስለዚህ "ሙቴክሱ ካለፈ ላይብረሪው ተገናኝቷል" ብላችሁ አትደምድሙ።

መፍትሔው በሁለቱም ማሽን ላይ የሚሠራው ነው፦ -ፒትሬድ የሚለውን ኮምፓይል ስታደርጉም ስታገናኙም ጻፉ። አንዳንድ ሃንድአውት -ኤልፒትሬድ ይላል። ያም ይሠራል፣ ነገር ግን ቦታ ይመርጣል። ሊንከሩ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው፤ ላይብረሪውን ሲያገኝ እስከዚያ የሚፈልገው ነገር ከሌለ ጥሎት ያልፋል። ስለዚህ -ኤል የሚጀምር ሁሉ ከኦብጀክት ፋይሎቹ በኋላ ይጻፋል። ይህ ለሒሳብ ላይብረሪው፣ ለ-ኤልኤም፣ ዛሬም ይሠራል። -ፒትሬድ ግን ለጂሲሲ የሚሰጥ ትእዛዝ ስለሆነ የትም ቢሆን ግድ የለውም። ሁለቱ ካሉ እሱን ምረጡ።

"አንዲፋይንድ ሪፈረንስ" የተባለው የራሳችሁ ፋንክሽን ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ምናልባት ገበያ.ኦን በማገናኛው መስመር ላይ ረሳችሁት። ምናልባት ፋንክሽኑን ስታቲክ ብላችሁታልና ከፋይሉ ውጪ አይታይም። ወይም ያለ ስታቲክ ኢንላይን ብቻ ብላችሁታል፤ ይህኛው ኦፕቲማይዜሽን ሲበራ ያልፋል፣ ሲጠፋ ይወድቃል፣ ሰውን ያሳብዳል። መገመት አያስፈልግም፣ ኤንኤም የሚባል መሣሪያ አለ፦

ኤንኤም ገበያ.ኦ

ከስሙ በፊት አቢይ ቲ ካለ ፋንክሽኑ እዚህ ፋይል ውስጥ አለ ማለት ነው። ትንሿ ቲ ከሆነች አለ፣ ግን ስታቲክ ነው። አቢይ ዩ ከሆነ ፋይሉ ይፈልገዋል እንጂ የለውም። ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አይታችሁ፣ አንዱ ዩ ያለውን ሌላው በአቢይ ቲ ካልያዘ ጥፋተኛው ተገኘ። የፊደል ግድፈትም እዚህ ይጋለጣል፤ አንዱ ፋይል ሂሳብ ሌላው ሒሳብ እንደሚለው ዓይነት፣ በላቲን ስንጽፍ የአማርኛ ስሞችን በሁለት ዓይነት መጻፍ ልማዳችን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የተገላቢጦሹ ነው፦ "መልቲፕል ዴፊኒሽን ኦፍ"። የጋራውን ሙቴክስና የጋራውን ድምር ገበያ.ኤች ውስጥ በቀጥታ ከጻፋችኋቸው፣ ሄደሩን የሚያስገባ እያንዳንዱ ፋይል የራሱን ቅጂ ይይዛል። ኡቡንቱ 20.04 ከነጂሲሲ 9ኙ ዋጋ ያልተሰጣቸውን እንዲህ ያሉ ቫሪያብሎች ዝም ብሎ ያዋህዳቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጂሲሲ 10 ያን ልማድ አቆመ፤ 22.04 ያለው ጂሲሲ 11 ደግሞ አይታገስም። እንግዲህ አስቡት፦ ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ ስትሄዱ የትሬድ ላይብረሪው ኤረር ይጠፋል፣ ይህኛው ይወለዳል። "አዲሱ ኮምፒውተር ተበላሽቷል" የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

ሄደሩ ውስጥ ኤክስተርን የሚለውን ቃል ከፊቱ አድርጋችሁ አስታውቁ፤ ትክክለኛውን፣ ፒትሬድ_ሙቴክስ_ኢኒሺያላይዘር የሚሰጠውን፣ በአንድ ፋይል ብቻ፣ ገበያ.ሲ ውስጥ ጻፉ። ኢኒሺያላይዘሩ በሙሉ በአቢይ ፊደል ነው። ስታቲክ ብሎ ሄደር ውስጥ መጻፍም ኤረሩን ያጠፋዋል፤ ይህን ግን በፍጹም አታድርጉ። እያንዳንዱ ፋይል የየራሱን ሙቴክስና ድምር ይይዛል፤ የቢቸናውም የሞጣውም ትሬድ ገበያ.ሲ ውስጥ ባለው ድምር ላይ ይጨምራሉ፤ ጤፍ.ሲ ውስጥ ያለው ሜይን ግን ምንም ያልተጨመረበትን የራሱን ያነባል፣ ውጤቱም ይሳሳታል። ፕሮግራሙ ግን ያለ አንድ ኤረር ኮምፓይል ሆኖ ይሮጣል።

አራተኛ፦ አስተካክላችሁም ያው ኤረር ከመጣ

ሜክ ትጠቀማላችሁ? እንግዲያው የኮምፒውተሩን ቀን እዩ። አሮጌ ዴስክቶፕ የሰዓት ባትሪው ከሞተ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ኢንተርኔት ቢኖር ኡቡንቱ ራሱ ያርመው ነበር፤ ከሌለ እዚያው ይቀራል። ሜክ ደግሞ የሚሠራው የፋይሎችን ሰዓት በማወዳደር ነው። ዛሬ ያስተካከላችሁት ጤፍ.ሲ የብዙ ዓመት አሮጌ ይመስለዋል፣ ትናንት የተሠራው ጤፍ.ኦ አዲስ፤ ስለዚህ አይነካውም። "ክሎክ ስኪው ዲቴክትድ" የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ይኸው ነው። ቀኑን አስተካክላችሁ ሜክ -ቢ በሉ፣ ቢዋ አቢይ ናት፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይሠራል። ባትሪዋ በአብዛኛው ማሽን ላይ ሲአር2032 የምትባለዋ ሳንቲም መሳይ ናት።

አምስተኛ፦ ኡቡንቱ ከሌላችሁ

ዊንዶውስ ላይ አሮጌ ዴቭ ሲ++ ካላችሁ ፒትሬድ.ኤች ላይኖረው ይችላል፤ "ኖ ሳች ፋይል" የሚለው እውነቱን ነው፣ ኮዱን አትንኩት። ሚንጂደብሊው-ደብሊው64 ይዞ የመጣ ኮድብሎክስ ያለው ጓደኛ ፈልጋችሁ ከእሱ በፍላሽ ውሰዱ፤ ከዚያም በሊንከር ሴቲንግስ ውስጥ ፒትሬድ ብላችሁ ጨምሩ።

ስልክ ላይ ተርመክስ የምትጠቀሙ፣ ኮምፓይለራችሁ ክላንግ ነው፤ የአንድሮይድ ላይብረሪ ትሬዶቹን በውስጡ ስለያዘ ማገናኘት አይቸግራችሁም። ፒትሬድ_ካንስል የሚባለው ግን አንድሮይድ ላይ የለም። ምንም ብታደርጉ አይመጣም፤ ትሬዱ ራሱ እያየ የሚቆምበት የጋራ ምልክት አስቀምጡ፣ በሙቴክስ ጠብቁት።

ካለፈ በኋላ

ኮምፓይለሩም ሊንከሩም ዝም ማለታቸው ድምሩ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ሦስቱንም ትዕዛዞች -ኤፍሳኒታይዝ=ትሬድ ጨምራችሁ አንዴ ድገሟቸው፤ ሁለት ትሬዶች ያለ ሙቴክስ አንድ ቫሪያብል ከነኩ በየትኛው መስመር እንደሆነ ይነግራችኋል። ለማስረከብ ስታዘጋጁት አውጡት፤ ፕሮግራሙን በጣም ያዘገየዋል።

ኔትወርክ ባገኛችሁበት ቀን የሚወርድ

ማን ፒትሬድ_ክሪኤት ብላችሁ ተይቡ። ገጹ ከተከፈተ የሚያስፈልገው ሄደር፣ የፋንክሽኑ ቅርጽና የማገናኛው ትእዛዝ ሁሉ እዚያ አለ። ካልተከፈተ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ሳላችሁ አራት ጥቅሎች አውርዱ፦ ቢልድ-ኢሴንሺያል፣ ማንፔጅስ-ዴቭ፣ ማንፔጅስ-ፖዚክስ-ዴቭ እና ቫልግራይንድ። አፕት-ጌት ኢንስቶል ከሚለው ጋር --ዳውንሎድ-ኦንሊ ከጨመራችሁ ሳይጭን ያወርዳል፤ ፋይሎቹ ቫር፣ ካሽ፣ አፕት፣ አርካይቭስ በሚለው ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ወደ ፍላሽ ገልብጣችሁ ቢቸና ወይም ሞጣ ላለ ጓደኛ ስጡት፤ እሱም ዲፒኬጂ -አይ ብሎ ይጭናቸዋል። ማሽኑ ላይ አስቀድሞ ያለ ጥቅል እንደገና ስለማይወርድ አዲስ የተጫነ ኡቡንቱ ላይ ብታወርዱት ይሻላል። የእሱ ኡቡንቱ ቁጥር ከእናንተ ጋር አንድ መሆኑንም ቀድማችሁ ጠይቁት፤ ለ22.04 የወረደ ጥቅል 20.04 ላይ በአብዛኛው አይጫንም።